የጣሳው ውሃ

— ሄሎ… ሄሎ… አዎ፣ ጎንደር ነው፤ ፒያሳ፣ የአድማሴ ሱቅ።… እኔው ነኝ፣ አለነ። ከአስመራ ቀጠሮ አለኝ።… እሺ እኅቴ፣ ይዤ እጠብቃለሁ። አቅርቢልኝ ብቻ።

ማዞሪያዋ አስመራን እስክታቀርብ አለነ የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ጢሙን አልተላጨም። የአድማሴ ሱቅ ጨርቅና ላምባ ጎን ለጎን የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ከዚያ የተገዛ ነጠላ ሁሉ ሁለት ሳምንት ላምባ ላምባ ይሸታል። ዛሬ አድማሴ ደንበኞቹን አስወጥቶ በሩን ገርበብ አድርጎታል። በጥጉ በኩል፣ የስኳር ጆንያ ላይ፣ አባ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የመጡት ለሰላምታ አይደለም፤ አለነን አፉ እንዳያመልጠው ሊጠብቁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአለነ ሚስት ይመኙሽ ረቡዕ ዐረፈች፤ ሐሙስ ቁስቋም ተቀበረች። ዛሬ ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድሟ ዳኛው ከአስመራ ይደውላል። እናታቸው ገና በልጅነቱ ስለሞተች ዳኛውን አቅፋ ያሳደገችው፣ ለሰው ያበቃችው ይመኙሽ ናት፤ እኅቴ ከሚላት እናቴ የሚላት ጊዜ ይበልጣል። ስልኩን የሚያነሳ ቢያጣ ይጠረጥራል። ቢነሳለት ደግሞ ምን ይባላል? በአገሩ ደንብ መርዶ በስልክ ገመድ አይነገርም። የሚረዳው ሰው በቅድሚያ በሰላም አገሩ ይገባል፤ ዘመድ በየጎረቤቱ ተሰብስቦ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ የነፍስ አባት ከፊት ሆነው በሩ ይንኳኳል፤ ጠንካራ ጠንካራው ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ይነገራል። ለብቻው የተረዳ ሰው ራሱን ገደል ይጥላል ይባላል፤ ከአስመራ እስከ ጎንደር ደግሞ ገደል አንድና ሁለት አይደለም።

አባ ወልደኢየሱስ ከለቅሶው ድንኳን ሲያስነሱት የሰጡት ምክር አጭር ነበር። ደኅና ናት ብለህ አትዋሽ፤ ሞተች ብለህ አትግደለው፤ ስለ መኪናው አውራ።

ስለ መኪናው ማውራት አለነን አይቸግረውም። ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አውርቶ አያውቅም።

— ሄሎ… ዳኛው? ትሰማኛለህ?… እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ።… እግዜር ይመስገን። አንተስ? ልጆቹስ?… እሰይ።… ምን? ድምፄ?… ጉንፋን ነው። ጥቅምት አይደል፣ ብርዱ ይቆነጥጣል።

ይህቺን ውሸት አባ ወልደኢየሱስ ወደ ጣሪያው እያዩ አሳለፏት።

— እሷ?… በላች ወይ?… አልበላችም።… አዎ፣ ዛሬ አልበላችም።… ቆይ፣ ቆይ፣ መስመሩ ይንጫጫል። ሴትዮዋ ሳትቆርጠን ቀድመህ ስለ መኪናው ንገረኝ።… አዎ፣ መጀመሪያ መኪናውን።… ተገኘ?… ሁለት? ሁለት ተገኙ?

አለነ በጣሊያን ጊዜ ረዳት ሆኖ ጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ከጎንደር አስመራ ጭነት ሲያመላልስ ጸጉሩ የሸበተ ሹፌር ነው። ልማሊሞን የሚያውቀው ሌላው ሰው የገዛ ደጁን በሚያውቀው ልክ ነው። በየጉዞው አክሱም ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ጽዮንን ከውጭ ተሳልሞ፣ ሻዩን ጠጥቶ ያልፋል። ይመኙሽ ደግሞ ከዕድሜዋ አንድ ቀን አክሱም ጽዮንን ብትሳለም ሌላ የማትፈልግ ሴት ነበረች። በሚቀጥለው ጉዞ ይላታል። የሚቀጥለው ጉዞ ጨው ይሆናል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቆዳ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ሲሚንቶ። ሚስት ከጨው ጋር አትጫንም እያለ በሳቅ ያሳልፈዋል። እንዲህ ሲል ወገቧ ተያዘ። መቀመጥ አቃታት፤ ተኝቶ መዋል ብቻ ሆነ። አለነ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሐሳቡ ግን ሸጋ ነበር፤ ማንም ሸጋ አይደለም ሊለው አይችልም። ሽፍን መኪና ተገዝቶ፣ ውስጡ አልጋ ተሠርቶ፣ ከአልጋው ትይዩ መስኮት ተከፍቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ የውሃ በርሜልና ፈርኔሎ ምድጃ ገብቶበት ይመኙሽ ተኝታ አክሱም ትሄዳለች። ሲመሽ እዚያው በደረሱበት፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ያድራሉ። ይመኙሽ ይህን ስትሰማ፣ ቤታችን እግር አወጣ በለኛ ብላ ሳቀች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልማሊሞ አፋፍ ላይ እንደር፤ ጧት ስሜንን በተኛሁበት በመስኮት ልየው።

ዳኛው አስመራ ውስጥ ጋራዥ ስላለው የመፈለጉ ነገር በእሱ ላይ ወደቀ። የመምረጡ ነገር ግን በአለነ። የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

— አንድ አንድ እያልክ ንገረኝ።… ግራጫዋ። እሺ።… ሞተሯ ከኋላ።… ለስላሳ ናት? ባሌስትራ የላትም?… ኧኸ።… ጣሳውስ? ጣሳውን ንገረኝ።… ነፋሲት ድረስ ወረድክ?… እስከ ታች?

ጣሳው የአለነ ፈጠራ ነው። የይመኙሽ ራስ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣሳ ተቀምጦ ውሃ ጢም ተደርጎ ይሞላል። ከዚያ ዳኛው ከአስመራ ወደ ነፋሲት የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሁሉ ይነዳዋል። ውሃው ከፈሰሰ መኪናዋ ከፈተናው ወደቀች። በዚህ ሕግ ያልወደቀ መኪና አልነበረም። አንዷ ቁመቷ ስለረዘመ ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ትዛባለች ተባለች። አንዷ ባሌስትራዋ፣ ከሥር የሚሸከማት የብረት ሞላ፣ ስለደረቀ ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ትነጥራለች ተባለች። አንዷ ወገቧ ስለረዘመ የልማሊሞን ኩርባ በአንድ ጊዜ አትዞረውም፤ ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲባል በሽተኛ ትንገላታለች ተባለች። በፋሲካ ሰሞን ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ተገኝታ ነበር። ነፋሲት ስትደርስ ከጣሳው አፍ ላይ ትንሽ፣ ለአንድ ጉንጭ የማትበቃ ውሃ ነበር የጎደለው። ዳኛው፣ አያ፣ ይቺ ትበቃናለች ብሎ ለመነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አለው አለነ።

ለይመኙሽ የሚነግራት ተረት ደግሞ ሌላ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላታል። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ እንቁላሉስ ይሂድ፣ እኔ የምሄደው መቼ ነው ትለዋለች።

— አልፈሰሰም?… ምንም?… እስቲ ድገመው።… ጠብታም አልፈሰሰም።

ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። አድማሴ በርጩማ ገፋለትና ተቀመጠ። ከደስታ ይሁን ከምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፤ ዓይኑ ግን ሞላ። ሳምንት ቀድማ ብትገኝ ኖሮ አለ በሆዱ። ደግሞ እንደገና አሰበና፣ ሳምንት ቀድማ ብትገኝ እንኳ አንድ እንከን አላጣላትም ነበር አለ። ይሄኛው ሐሳብ ከፊተኛው ይበልጥ ጎዳው።

— የለም፣ የለም፣ አለሁ። እየሰማሁህ ነው።… ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።… ለእሷ?… እነግራታለሁ።… ዛሬውኑ ሄጄ እነግራታለሁ።

አባ ወልደኢየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሸት አልነበረም። ከሱቁ ሲወጣ እግሩ ወደ ቁስቋም መቃብር እንጂ ወዴትም እንደማይሄድ ያውቃሉ።

— ምን ጨርቅ?… ለመጋረጃው። አረንጓዴና ሰማያዊ አለ።… የትኛውን ትወዳለች?…

እጀታውን ከጆሮው አራቀው። ስለ ካምቢዮ ቢጠይቁት ይመልሳል። የጎማ ንፋስ ለቁልቁለት ምን ያህል፣ ለዋልካ ምን ያህል እንደሚሆን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል። ይመኙሽ የምትወደውን ቀለም ግን በትዳራቸው ዘመን ጠይቋት አያውቅም። ነጭ ለብሳ አገባት፤ በነጭ ገንዞ ቀበራት።

— አላውቅም፣ ዳኛው።… አልጠየቅኳትማ።… ምነው ትስቃለህ? እውነቴን ነው፣ አላውቅም።… አንተ ታውቃለህ?… ሰማያዊ?… የልጅነት ቀሚሷ?… ጥለቱ ሰማያዊ የነበረው። አርጅቶ ሲቀደድ ጥለቱን ፈትታ አስቀመጠችው?… ዛሬም ከሳጥኗ ውስጥ አለ?… እንዲያ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ያንን ሳጥን እያየሁ።… በል፣ ሰማያዊውን አድርገው።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። አንዲት የኮላ ድባ ሴት ናት፤ ጤፍ ሸጣ ላምባ ልትገዛ የመጣች፣ ይመኙሽን የምታውቅ። አለነን ጋቢውን አዘቅዝቆ ስታየው እጇን አገጯ ላይ አደረገች፤ ለለቅሶ የሚሆነውን የመጀመሪያ ትንፋሽ ስባ አፏን ከፈተች። አለነ እጀታውን ደረቱ ላይ አፈነው። አባ ወልደኢየሱስ ከስኳር ጆንያቸው ላይ እንደ ወጣት ብድግ ብለው መስቀላቸውን አፏ ላይ አደረጉት። ሴትዮዋ መስቀሉን ተሳለመች እንጂ አልጮኸችም፤ አድማሴም ላምባዋን ሳትከፍል አስይዞ በጓሮ በር ሸኛት።

— ሄሎ… አለሁ።… ማን? ገበያተኛ ናት፣ ላምባ ፈልጋ።… አዎ፣ ሄደች።… አሁን ሁለተኛዋን ንገረኝ።… ነጯ።… ጣሳዋስ?… ግማሹን አፈሰሰች። ባሌስትራዋ ደረቅ ነው እኮ፣ እንዴት አታፈስ።… ቆይ፣ አትለፋት። ፍሬኗስ?… ካምቢዮዋስ?… በሁለተኛ ማርሽ ሞተሯ ብቻ ይይዛታል? ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትረግጥ?… መሪዋ አይንቀጠቀጥም?… ኩርባው መሐል ብትሳሳት ትታረማለች?

አለነ መንገዱን በሆዱ ነዳው። የመረብ ቁልቁለት፤ ከዚያ የተከዜ ቁልቁለት፤ ከዚያ የልማሊሞ ዳገት። ዳኛው ብቻውን። በዚህ መንገድ ላይ ወሬ ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል፤ አንዱ ሹፌር እንዳ ሥላሴ ሻይ ቤት ላይ ዳኛውን አይቶ ባለማወቅ እግዜር ያጥናህ ቢለው? ከዚያ በኋላ ዳኛው መሪ ይጨብጣል። ግራጫዋ ልቡ ለረጋ ሰው ናት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ፣ ኩርባ ውስጥ ደንግጦ እግሩን ያነሳ ሰው ጭራዋ ቀድሞት ይዞራል። ነጯ ሰው ታንገላታለች እንጂ ሰው አትጥልም። ዓመት ሙሉ መኪና የመረጠው ተኝታ ለምትሄድ ሴት ነበር። አሁን ልቡ መንገድ ላይ ሊሰበር ለሚችል ወንድሟ መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም በአንዴ ተገለበጠ።

— ስማኝ፣ ዳኛው። ነጯን ይዘህ ና።… አዎ፣ ነጯን።… አልተሳሳትኩም።… ጣሳውን ተወው።… ተወው አልኩህ እኮ። ግራጫዋ ለስላሳ ናት፣ እሺ። ግን ኩርባ ላይ ደንግጠህ እግርህን ከቤንዚኑ ካነሳህ ትዞርብሃለች።… አንተ አትደነግጥም፣ አውቃለሁ።… መንገድ ነው፣ ምን ይታወቃል። ከብት ይገባል፣ ድንጋይ ይናዳል።… ለወገቧ?… የወገቧን ነገር ኋላ እንነጋገራለን። አሁን የምትነዳት አንተ ነህ፣ ለአንተ የምትሆነውን ያዝ።

አባ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አደረጉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው።

— ቀለሙ አልደረቀም?… ቀለሙ ይቅር።… መስኮቱም እዚህ ይከፈታል።… የለም፣ ምን እሆናለሁ። ኅዳር ጽዮን እየደረሰ አይደል? ነገ ተነሳ። ግን አትሩጥ። ቶሎ ና፣ ግን አትሩጥ።… ምኑ ነው ያልገባህ? ነገ ተነስተህ ቀስ ብለህ ና ነው የምልህ።… ሌላም ልንገርህ። ነጯ ባዶዋን ቀላል ናት። ልማሊሞ ስትወጣ የኋላ ጎማዋ ጠጠሩ ላይ ይሽከረከርብሃል፣ ክብደት ያስፈልጋታል። ሁለት ጆንያ አሸዋ ሙላና አልጋው ላይ ጫነው።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ራሱ የሰማው።

ያንን አልጋ ዳኛው ገና መኪናው ሳይገኝ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ፍራሹን አዲስ ጥጥ አስነድፎ አስሰፍቷል። አናጢው መዶሻውን ቢያሳርፍበት ተጣልቶ አባሮታል፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ አልተቀመጡበትም። አለነ ራሱ ነበር በየዓርቡ በዚሁ ስልክ፣ ቦርሳም ቢሆን እንዳይቀመጥበት እያለ ሲያስጠነቅቅ የከረመው። ዓመት ሙሉ ለአንዲት ጠብታ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ጣሳውን ተወው፣ አልጋው ላይ አሸዋ ጫን አለ።

— ሄሎ?… ዳኛው?… ትሰማኛለህ?… ሄሎ?… ዳኛው፣ አለህ?

አስመራ ዝም አለ። መስመሩ አልተቆረጠም፤ በሩቁ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል፤ የጋራዡ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ አንድ ሰው ዝም በሉ እንዳላቸው ሁሉ መዶሻውም ቆመ። አለነ ወደ አባ ዞሮ ተመለከተ። አባ ወልደኢየሱስ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

— አልጨረስንም፣ እኅቴ።… ጨምሪልን።… እባክሽ ጨምሪልን፣ አትቁረጪው።… ሄሎ፣ ዳኛው።… ተመስገን። አለሁ፣ አለሁ።… አሸዋውን… ከአልጋው ሥር ማለቴ ነው። ወለሉ ላይ። አልጋው ላይ ያልኩህ… አፌ ነው።… እሺ።… ነጯን። እሺ።… ማን ነው የሚነዳት?… ኃይለ ጊዮርጊስ? የጋራዥህ ሰው? አንተስ?… አንተ አትነዳም።

ዳኛው መሪ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ለሠርጉ እንኳ ሙሽራይቱን ከኋላ አስቀምጦ ራሱ እየነዳ ነው ቤቱ የገባው ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

— ሸጋ አድርገሃል። ኃይለ ጊዮርጊስ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ይንዳ። አንተ ከጎኑ ተቀመጥ።… የት ታድራላችሁ?… ደባርቅ?… ምነው፣ ደባርቅ በጊዜ ከደረሳችሁ ጎንደር ለመግባት ምን ያግዳችኋል?… ደባርቅ ማደር ትፈልጋለህ።… ሌሊት ትነሳላችሁ።… ጎሕ ሲቀድ።… ጎሕ ሲቀድ ቤት ትገባለህ።

አለነ የዳኛውን ቃል የደገመው ለራሱ ብቻ አልነበረም። አባ ወልደኢየሱስ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አድማሴም የያዘውን ክንድ መለኪያ ብረት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ደባርቅ በጊዜ የደረሰ ሰው እዚያ አያድርም። ጎሕ ሲቀድ ለጨዋታ ሰው ቤት የሚገባም የለም። ዳኛው ሰዓቱን ራሱ መርጧል፤ ደጋፊውንም ራሱ ይዟል። ደንቡ በእኅቱ ላይ እንዳይጎድል፣ እንዳላወቀ ሆኖ ሊመጣና ሊረዳ ነው። ስለ እሷም ከዚያ በኋላ በላች ወይ ብሎ አልጠየቀም።

— እሺ፣ የኔ ጌታ።… እንጠብቅሃለን።… ሁላችንም እዚያው እንሆናለን።… አባም አሉ።… እሺ።… እሺ።

መስመሩ ይንጫጫል። አለነ እጀታውን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ሊለው የማይገባውን ነገር ትቶ ሊለው የሚችለውን ፈለገ፤ ያገኘው እንደገና መኪና ነበር።

— ዳኛው… ያቺ ሰማያዊዋስ?… የፋሲካዋ።… ማን ወሰዳት?… ዳቦ ያመላልሱባታል?… እስከ ዓዲ ቋላ። በየቀኑ።… አሁንም ደኅና ትሄዳለች?… አዎ።… ትንሽ ነበር ያፈሰሰችው። ትንሽ ነበር እኮ፣ ዳኛው። ከጣሳው አፍ ላይ ነበር የጎደለው።… አንተማ ነግረኸኝ ነበር።… አትበለኝ እንዲያ።… ለእሷ ብዬ ነው፣ አዎ፣ ለእሷ ብዬ ነው። ግን እሷን አልጠየቅኳትም። ቀለሙንም አልጠየቅኳትም፣ መንገጫገጩንም አልጠየቅኳትም።… የኮላ ድባውን?… እንዴት አላስታውስም። የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ነው ብዬ በጭነት መኪናዬ የወሰድኳት። በኔ መኪና የሄደችው ያን ቀን ብቻ አይደል።… አዎ፣ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ዋልካው ላይ መኪናዋ እንደ ሳሙና አዳልጧት ጎን ለጎን ሄደች፣ የሰው እርሻ ውስጥ ገባን። እኔ እራገማለሁ።… እሷማ ሳቀች። እጇን በመስኮት አውጥታ ነበር። ደግመህ አድርገው አለችኝ።… ደግመህ አድርገው።… አዎ። እንዲያ ያለች ሴት ናት እንግዲህ እኔ እንደ እንቁላል የያዝኳት።

አድማሴ ፊቱን ወደ ጨርቆቹ አዞረ። አለነ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ዓመት ሙሉ መንገዱ እንዳይነካት ሲጠነቀቅላት፣ መንገዱን ራሱን እንደነሳት አሁን በደንብ ገባው፤ ይህን ከእንግዲህ ለእሷ መመለስ አይቻልም።

— ምን አልክ?… አልሰማሁህም፣ ድገመው።… ጣሳውን?… ጣሳውን ሞልተህ ታመጣዋለህ።… አሸዋው ወለሉ ላይ፣ ጣሳው አልጋው ላይ።… ራስጌው ላይ።… ነጯ ታፈስሰዋለች እኮ፣ ዳኛው።… ገና መረብ ሳትደርሱ ታፈስሰዋለች።… እንደገና ትሞላዋለህ።… መረብ ላይ ትሞላዋለህ። ተከዜ ላይ ትሞላዋለህ።… አክሱምም?… ከጽዮን ጠበል።

አባ ወልደኢየሱስ ተነስተው ወደ እሱ መጡ።

— እሺ።… ልማሊሞ አፋፍ ላይ ቁሙ። በሩን ክፈተው፣ ጣሳውን ወደ ስሜን በኩል አድርገው። መስኮቱ እዚህ ይከፈታል ያልኩህ… መስኮቱን ክፈተው፣ ዳኛው። ከመነሳትህ በፊት ክፈተው።… አዎ፣ ሰማያዊውን መጋረጃ።… ውሃው ይፍሰስ። የፈሰሰው ይፍሰስ። አንተ ብቻ በደኅና ግባ።… እሺ።… በል እንግዲህ፣ ዝጋው።… አንተ ዝጋው፣ እኔ አልችልም።

ከአስመራ በኩል ጠቅ አለ። ማዞሪያዋ ጨረሳችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። አባ ወልደኢየሱስ እጀታውን ከአለነ እጅ ቀስ ብለው ወስደው ቦታው ላይ ሰቀሉት።